መብራት ሲሄድ የሚጠፉ ካርዶች

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ጉለሌ በኮምፒውተር ባለሙያነት በምሠራበት ትንሽ ክሊኒክ ነው። ከሸጎሌ የመጡ እናት ለዓመታት የታከሙበት ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ ጠፋና እንደ አዲስ ታካሚ ተመዘገቡ። ሐኪሙም የማይስማማቸውን መርፌ አዘዘላቸው። ደግነቱ ነርሷ ከመውጋቷ በፊት ጠየቀቻቸው።

ሥራ አስኪያጁ ካርድ ክፍል ገባ። እዚያ የሚሠሩትን ትልቅ ሴት ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው።

«መነጽር እንግዛልዎት ወይስ ጡረታ ይሻልዎታል?» አላቸው፣ ወረፋ የያዘ ሰው እየሰማ።

«ስሙን በትክክል ነው የጻፍኩት ልጄ። የለም ያለው ኮምፒውተሩ ነው።»

«ኮምፒውተር አይዋሽም። ነገ ጠዋት የስንብት ደብዳቤዎን ይወስዳሉ።»

ደሜ ፈላ። ሰው ፊት መናገር ግን አይሆንልኝም። «እ... ማለቴ፣ ፕሮግራሙ...» ስል፣ «አንቺ ፕሪንተሩን እዪ!» ብሎኝ ወጣ።

ፕሮግራሙን ፐርል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ነው። ከሰዓት በኋላ ጥርሴን ነክሼ አነበብኩት። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባትሪ ለፕሮግራሙ ሲግናል፣ ማለትም የማንቂያ መልእክት ይልካል። ፕሮግራሙ በዚያች ቅጽበት ካርዶቹ ከተቀመጡበት ዳታቤዝ መልስ እየጠበቀ ከሆነ ጥበቃው ይቋረጣል። ተቋረጠ ማለት የለም ማለት አይደለም፤ እንደገና መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሰውየው ግን መልስ ያልመጣለትን ሁሉ «አዲስ ታካሚ» አድርጎት ሄደ። መብራት በየሰዓቱ በሚሄድበት ሰፈር! ያም አነሰና፣ የእሱን ስንፍና እትዬ ሊከፍሉለት ነው። ማስተካከያውን ጽፌ ጨረስኩና መጫኑን ለነገ አቆየሁት፤ ንዴቴ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ታካሚ ሳይገባ፣ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ የእሳቸውን ስም ይፈልጉልኝ» አልኩ ወደ ሥራ አስኪያጁ እየጠቆምኩ። እሱም እዚያው ነው የሚታከመው። ጻፉ፤ ካርዱ ወጣ።

«አንዴ ይድገሙት።»

ፍለጋው ቀርፋፋ ነው። እየፈለገ ሳለ ጎንበስ አልኩና የባትሪውን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት።

«አዲስ ታካሚ» አለ ኮምፒውተሩ።

«መነጽሩን ለማን እንግዛ?» አልኩ።

ይቅርታ አላለም። ደብዳቤውን ሲቀድ ቆሜ አየሁና ገመዱን መልሼ ሰካሁ፤ ከዚያ ማስተካከያዬን ጫንኩ።