ደቻቱ አሸዋ ውስጥ የቀበርኳቸው መጻሕፍት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን ነው፤ ሐረርጌ ውስጥ የገጠሩን ሰው ከየቀዬው እያነሱ አዲስ መንደር ላይ በሚያሰፍሩበት ወቅት። እኔ ያኔ ድሬዳዋ መድኃኒት ቤት ተመድቤ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆች አሉኝ፣ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ እየረሳሁ ቤት ሙሉ ሰው ፍለጋ አሰማራለሁ። ይህችን ነገር ግን አልረሳኋትም፤ ሳልነግረው የቀረሁት ሰው ስላለ ነው።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። የተማርኩት ደግሞ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት ነበር። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ፈረንጅ መነኩሲት አገራቸው ሊገቡ ሲሉ ሁለት መጻሕፍት ሰጡኝ። ሁለቱም ስለ ሩቅ አገር ነባር ሕዝቦች የሚያወሩ ናቸው። አንደኛው ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች መሬታቸውን እንዴት እንደወሰዱባቸው፣ እነሱም መብታችን ይመለስ ብለው ስንት ዘመን እንደተሟገቱ ይናገራል። ሁለተኛው ከቀያቸው ተነቅለው፣ ጸሎታቸው ተከልክሎ፣ እምነታቸውን ይዘው እንዴት እንደዘለቁ የሚተርክ ነው። መነኩሲቷ የሁለቱም መጀመሪያ ቅጠል ላይ በእጃቸው «ለምወድሽ ለጽጌ» ብለው ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጽፈውበታል።

ደርግ ራሱ መሬት ላራሹ ብሎ አዋጅ ያወጣ አይደለም ወይ፣ ይህ ምኑ ያስፈራል የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው። ግን ስለ አንድ ሕዝብና ስለ መሬቱ የሚያወራ መጽሐፍ መያዝ ያን ጊዜ «ጠባብ ብሔርተኛ» ያሰኛል፤ ስለ ጸሎት የሚያወራው ደግሞ «ፀረ አብዮት»። እኔ ሁለቱንም ፍራሼ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው። የመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ሠራተኛ አንድ መጽሐፍ ተገኝቶበት ተወስዶ ሚስቱ ስንቅ የምታደርስበት እስር ቤት እንኳ አጥታ ነበር።

ያከራዩኝ እትዬ አለምነሽ የምድር ባቡር ጡረተኛ ሚስት ናቸው፤ ድሬ ተወልደው ድሬ ያረጁ፣ አፋቸው የማያርፍ ሴት። አንድ ቀን ማለዳ በሬን ገፋ አድርገው፣ «ጽጌ፣ ሰሞኑን የቤት ለቤት ፍተሻ አለ አሉ። እነዚያን መጻሕፍትሽን አንድ በያቸው» አሉኝ። መጻሕፍት እንዳሉኝ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ፍራሹን እያነሱ ሲጠርጉ አይተዋቸዋል ለካ።

ላቃጥል አሰብኩ። ድሬ ላይ በዚያ ሙቀት እሳት ሳነድ የታየሁ እንደሆነ ጎረቤቱ በሙሉ ምን ሆነሻል ብሎ ይመጣል። ሽንት ቤት ልጣላቸው አልኩ፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ። መነኩሲቷ ያን ሁሉ ዓመት አስተምረውኝ የሰጡኝን ነገር እንዴት እዚያ እከታለሁ? በዚያ ላይ አንደኛውን ገና አልጨረስኩትም ነበር።

በመጨረሻ አንድ መላ መጣልኝ። ድሬዳዋ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሰው አይኖርባትም። የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው ይቅማል፣ ውሻው እንኳ ጥላ ሥር ተዘርግቶ ቀና አይልም። ከተማዋን የሚያቋርጠው ደቻቱ ወንዝ ደግሞ ያኔ ከዳር እስከ ዳር ደረቅ አሸዋ ነበር። መጻሕፍቱን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በሲባጎ አስሬ፣ ዘንቢል ውስጥ ከትቼ ስምንት ሰዓት ላይ ወረድኩ። አንድ ትልቅ ድንጋይ አጠገብ በሳህን ቆፍሬ ቀበርኳቸውና ላቤን ጠርጌ ተመለስኩ። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና አልነበረም። ጎበዝ ነሽ ጽጌ አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ አመሻሹ ላይ በረንዳ ተቀምጠን እንጀራችንን እየበላን ሳለ ከሩቅ እንደ ባቡር የሚያጉረመርም ነገር ሰማሁ። ባቡሩ ዛሬ አርፍዷል ስል እትዬ አለምነሽ ሳቁብኝ።

«የምን ባቡር? ደቻቱ ነው እንጂ። ጎርፍ መጣ።»

«ዝናብ ሳይዘንብ?»

«እዚህ ሲዘንብ መቼ ሞልቶ ያውቃል? ላይ ደንገጎ ተራራ ሲዘንብ ነው እንጂ። እናንተ ደገኞች ይሄንን አታውቁም።»

እንጀራውን ትቼ ሮጥኩ። ወንዙ ዳር ስደርስ ሰው ተሰብስቦ ቆሟል። ውሃው ቡና መስሎ፣ ግንድ እያንከባለለ፣ የአንድ ነጋዴ ጋሪ ተሸክሞ ያልፋል። የኔ ድንጋይ የት እንደነበረ እንኳ መለየት አልቻልኩም። መጀመሪያ አዘንኩ። ቀጥሎ ደግሞ እሰየው አልኩ፤ ወስዷቸው ይሆናል፣ በረሃ ገብተው ይቀራሉ፣ ከፍተሻው ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ።

በነጋታው ከሥራ በፊት ሽንኩርት ልገዛ ቀፊራ ሄድኩ። ገበያው መግቢያ አጠገብ፣ ከደቻቱ ዳር፣ ጆንያ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አው ሙሜ ይባላሉ። በሲባጎና በትልቅ መርፌ የተቀደደ የእህል ጆንያ ሲጥፉ ነው የሚውሉት። የዚያን ቀን እሳቸው ዘንድ ሰው ከቧቸው ይስቃል። ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው ሲባጎ ወጥረው ልብስ እንደሚሰጣ ሁለት መጽሐፍ ከፍተው አስጥተዋል።

የኔ ናቸው። ጭቃ ቢለብሱም ሽፋናቸውን በዓይኔ አወቅሁት።

«አው ሙሜ፣ ትምህርት ቤት ከፈትክ እንዴ?» ይላቸዋል አንዱ በርበሬ ሻጭ።

«ጽሑፍ ነው አቦ» ይላሉ እሳቸው፣ ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ። «ጭቃ ላይ ወድቆ አገኘሁት። ጽሑፍ መሬት ላይ አይጣልም። የአላህ ስም ይኑርበት አይኑርበት በምን አውቃለሁ?»

ይህ የእሳቸው ልማድ መሆኑን በኋላ ሰማሁ። ምን እንደሚል የማያውቁትን ወረቀት ሁሉ ከመሬት አንስተው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያኖሩታል፤ በየትኛውም ቋንቋ ይጻፍ። ሰውዬው ደግ ነገር ማድረጋቸው ነበር። እኔ ግን በልቤ ምነው በተዉአቸው ኖሮ እያልኩ ነው። ስሜ ከነአያቴ ቀፊራ መሃል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እየደረቀ ነዋ።

ልሂድ ወይስ ልቅረብ እያልኩ ስወላውል የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ መጣ። ጠመንጃውን አንግቷል። በርበሬ ሻጩ ወደ መደቡ ተመለሰ።

«የማን ነው ይሄ?»

«የደቻቱ ነው» አሉ አው ሙሜ።

«ቀልድ ተው ሽማግሌ። ለምን ለቀበሌ አላስረከብክም?»

«ርጥብ ነው። ሲደርቅ ላመጣልህ ነበር። ርጥቡን ብወስደው ቢሯችሁን ያጨቀየዋል።»

ሰውዬው አንደኛውን ከሲባጎው ላይ አንስቶ አገላበጠው። እንግሊዝኛ መሆኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ዞር ዞር ብሎ ሰዉን ተመለከተና እኔ ላይ ቆመ። የእናቱን የደም ግፊት መድኃኒት የምሰጠው እኔ ነኝ፣ በደንብ ያውቀኛል።

«አንቺ፣ የመድኃኒት ቤቷ። እንግሊዝኛ ትችያለሽ። ነይ እስቲ፣ የማን እንደሆነና ምን እንደሚል ንገሪኝ።»

እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። የራሴን መጽሐፍ ተቀበልኩ። ስሜን ካየ አለቀልኝ። ሽፋኑን ገለጥኩ። ስሜ የተጻፈበት ቅጠል የለም። እንደገና ገለጥኩ፣ የለም። አልተቀደደም፣ ብቻ የለም። ሁለተኛውን ከሲባጎው ላይ አወረድኩ፤ እሱም እንደዚያው ነው።

«ስም የለውም» አልኩ። 

«ምን ይላል ታዲያ?»

 ውሸት ላወራ አስቤ ነበር፤ የጤና መጽሐፍ ነው፣ ምናምን ልል። ግን ሽፋኑ ላይ ፈረስ ላይ የተቀመጡ ሰዎችና ወታደሮች ተስለዋል። የመጣው ይምጣ ብዬ እውነቱን አፋችን በለመደው የቀበሌ ቋንቋ ተናገርኩት፤ አው ሙሜ መርፌያቸውን አቁመው ያዩኛል።

«ኢምፔሪያሊስቶች መሬታቸውን ስለቀሟቸው ጭቁን ሕዝቦች ነው። ከቀያቸው አንስተው ሌላ ቦታ አሰፈሯቸው። እነሱም አንበረከክም ብለው እስከ ዛሬ ድረስ ይታገላሉ።»

«ኢምፔሪያሊስቶች?» አለ። ፊቱ በራ። «ፀረ ኢምፔሪያሊስት መጽሐፍ ነዋ!»

«ነው ጓድ።»

«እንዲህ ያለውን ነው ወጣቱ ማንበብ ያለበት» ብሎ ሁለቱንም ከእጄ ተቀበለና ለቀበሌው ንባብ ቤት ወሰዳቸው። ሰው ተበተነ። እኔ ሽንኩርቱን ሳልገዛ መሥሪያ ቤት ገባሁ፤ ያን ቀን ለስንት ሰው ስንት ክኒን እንደቆጠርኩ እግዚአብሔር ይወቅ።

ማታ ከሥራ ስወጣ አው ሙሜ ዘንድ ሄድኩ። ምን እንደምላቸው አላወቅሁም። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና ከሚሰፉት ጆንያ ሥር ሁለት የደረቁ የመጽሐፍ ቅጠሎች አውጥተው ሰጡኝ። የመጽሐፉን ስፌት በጆንያ መርፌያቸው ፈተው ነው ያወጧቸው፤ ጫፋቸው እንኳ አልተጎዳም።

«ማሽን የጻፈው የማንም ነው። እጅ የጻፈው ግን የሰው ነው» አሉኝ። «እሱን ውጭ አላሰጣውም።»

«የኔ መሆናቸውን በምን አወቁ?»

«ስትቀብሪ አይቼሽ የለ? በስምንት ሰዓት ፀሐይ ደቻቱ ውስጥ በሳህን የሚቆፍር ሰው አይቼ አላውቅም። ድመቷ ሞታባት ነው ብዬ አዘንኩልሽ።»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳላስበው አለቀስኩ። እሳቸው ጆንያቸውን መስፋት ቀጠሉ።

«ቤትዎ ቢያስገቧቸው አይሻልም ነበር? ፀሐይ ላይ ሲያሰጧቸው ልቤ ሊቆም ነበር» አልኳቸው።

«ቤቴ ካስገባሁት የኔ ይሆናል፣ የልጄን ቤት ያስፈትሻል። ውጭ ካሰጣሁት የጎርፍ ነው። ጎርፍን ማን ያስራል?»

ያኔ ነው ስለ ራሳቸው ያጫወቱኝ። የድሬ ሰው አይደሉም። ቀያቸው ላይ ተራራው ጋ ነው፤ ጫትና ማሽላ፣ አያታቸው የሠሩት ትንሽ መስጊድ ነበራቸው። ክረምት ሊገባ ሲል ካድሬዎች መጥተው ቤቱን አፍርሱና ቆርቆሮውን ተሸክማችሁ ሜዳ ውረዱ አሏቸው። አዲሱ መንደር አልሆናቸው ሲል ልጃቸው ዘንድ ድሬ መጡ። ይህንን ሲያወሩ ድምፃቸው አይለወጥም። እኔ ግን ጠዋት ያንን ሁሉ ስናገር ለምን መርፌያቸውን አቁመው እንዳዩኝ ገባኝ።

«እነዚያ ሰዎች» አሉኝ፣ «ያንቺ መጽሐፍ ሰዎች። ስግደታቸውን አልተዉም?»

«አልተዉም። ተከልክለውም ተደብቀው ይጸልዩ ነበር።»

«መሬቱስ? ተመለሰላቸው?»

ያንን ነው ያላወቅሁት። ሳልጨርሰው ነው የቀበርኩት። እሱን ነገርኳቸው።

«እንግዲያ ጨርሺና ንገሪኝ» አሉ።

የራሴን መጽሐፍ ለመጨረስ ቀበሌው ንባብ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ የጢማሞቹ አብዮተኞች ሥዕሎች ተሰቅለዋል፣ እኔ ሥራቸው ተቀምጬ ነባር ሕዝቦች በፍርድ ቤት ሲሟገቱ አነባለሁ። ያ ኃላፊ ሲያልፍ «ጎበዝ» ይለኛል። እትዬ አለምነሽ ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው ሰነበቱ። ሥራ እየበዛ፣ ንባብ ቤቱ ለስብሰባ እየተዘጋ፣ ሳልጨርሰው ሳምንታት አለፉ።

የጨረስኩ ዕለት በቀጥታ ቀፊራ ሄድኩ። ሲባጎው የለም፣ ጆንያው የለም። ልጃቸውን ፋጡማን ጠይቄ አገኘኋት፤ ቲማቲም ትሸጣለች። ደንግጬ፣ «አባትሽ ምን ሆኑ?» አልኳት።

«ወጣ» አለችኝ፣ በእጇ ወደ ደንገጎ እያሳየች። «ቀዬው ሄደ። ክልክል ነው ብለን ለመንነው፣ እምቢ አለ። ላንቺም መልእክት ትቷል።»

«ምን አሉ?»

«ያቺ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ መልሱን እስክታመጣ ዝናቡ ሊያልፍብኝ ነው፣ መዝራት አለብኝ በያት አለ።»

ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ገበሬው ከየመንደሩ ወደየቀዬው ሲመለስ ፋጡማን አግኝቼያት፣ አባቷ በሰላም አዝመራቸው ላይ መሆናቸውን ነገረችኝ። ሁለቱ ቅጠሎች ዛሬም አሉኝ፤ መጻሕፍቱ የት እንደደረሱ አላውቅም።

ለአው ሙሜ ልነግራቸው የነበረው መልስ ጥሩ አልነበረም። መጽሐፉ ሲያልቅ ለአብዛኞቹ ሰዎች መሬታቸው ገና አልተመለሰም። ቀፊራ ድረስ ያንን ይዤ ስሄድ እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ሳይሰሙኝ በመሄዳቸው እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።