የምንጮቹ ካርታ

ከማተሚያ ቤት ትልቅ ካርታ በተቀበልኩ ቁጥር፣ ያልደረቀው ቀለም ሽታ ደብረ ማርቆስ ወደነበረችው ጠባብ ቢሮ ይመልሰኛል። ክረምት ነበር። ጭጋጉ እስከ ቀትር አይገለጥም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ አንደማመጥም። ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ ያሉትን ምንጮች በኮምፒውተር ካርታ ላይ እንድናሰፍር ታዘን ነበር። የትኛው ምንጭ ቀድሞ ተገንብቶ ቧንቧ እንደሚገባለት የሚወሰነው ያ ካርታ ታይቶ ነው።

እኔ ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቴ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ከመስክ ያመጣኋቸውን ነጥቦች ሳስገባ ምንጮቹ በሙሉ ሄደው ቱኒዚያ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቁ። እኔ ስደነግጥ እሳቸው ሳቁ።

«ሰሜኑን በምሥራቁ ቦታ አስገብተሽዋል። ደግሞ ስሚ፤ መንገዱም፣ ወንዙም፣ ቀበሌውም በአንድ ኮኦርዲኔት ሥርዓት፣ በአንድ ዓይነት የቦታ መለኪያ ካልሆኑ አንዱ በሌላው ላይ አይገጥሙልሽም። ከሁሉ በፊት እሱን አረጋግጪ።»

መብራት እንደ ልቡ ስለሚጠፋ ቶሎ ቶሎ ሴቭ እንዳደርግ ይመክሩኝ ነበር። ቀለም ሳበዛ ደግሞ «ካርታ የሙሽራ ልብስ አይደለም» ይሉኛል። ከሁሉ የሚደጋግሟት ግን አንዲት ነገር ነበረች፤ «ፊደሉን አሳድጊው።» ለገበሬው አስበው ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እኔም ለማስተምራቸው ልጆች ያንኑ እላለሁ።

አንድ ቀን፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ፣ ወደ አንድ ምንጭ ስንወርድ ጋሼ ሜዳ ላይ ከቆመ የእሾህ አጥር ጋር ተጋጩ። እሾሁ ግንባራቸውን ቧጨራቸው።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት?»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «በጎኔ ያለውን አላይም። ከፊት ለፊቴም እየጠበበብኝ ነው። የዓይን ግፊት ነው አሉኝ፤ የጠፋው አይመለስም።» ግንባራቸውን ጠረግ አደረጉና «ካርታው እስኪያልቅ ለሰው አትንገሪ፣ ልጄ። ይህን ሳልጨርስ ከወንበሩ እንዳያስነሡኝ» አሉ።

አልነገርኩም። ከዚያ ወዲያ ወንበሬን አስጠግቼ ስክሪኑ ላይ ያለውን አነብላቸው ጀመር።

«ይህ ሰፈር ለምንጩ ቅርብ ነው፣ ጋሼ። መሀላቸው ግን ገደል አለ።»

«እንግዲያው በቀጥታ መስመር አትለኪ፤ እንስራ ያዘለች ሴት ገደል አትዘልም። በእግር መንገዱ ለኪ።»

በእግር መንገዱ ስለካው ቅርብ የመሰለን ሰፈር ከሁሉ የራቀ ሆነ። ሴቶቹ ገደሉን ዞረው ነበር የሚቀዱት።

ካርታው የደረሰው አደይ ሲፈነዳ ነው። የምንጮቹ ተራ በሚወሰንበት ስብሰባ ዕለት ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። የዚያ ሰፈር ቄስ ቀረብ ብለው በመቋሚያቸው ጫፍ እየነኩ «እነሆ፣ የእኛዋ ምንጭ!» አሉ። በመጀመሪያ እንድትሠራ ተወሰነ። ጋሼ ወደ ካርታው ዞረው ቆመዋል። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ምን ይመስላል?» አሉኝ።

«ያምራል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸው ሥራውን ለቀቁ። ወንድማቸው መጥቶ ወደ ትውልድ ቀያቸው፣ ወደ ይጁቤ ወሰዳቸው። በዓመቱ ልጠይቃቸው ስሄድ በር ላይ በድምፄ ለዩኝ። ያቺ ምንጭ ተሠርታ ሴቶቹ ከሰፈራቸው ሥር በቧንቧ እንደሚቀዱ ስነግራቸው ደጋግመው «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ስለ ሥራ አልጠየቁኝም።

ስመለስ፣ አይሆንም ብላቸውም በዱላቸው እየተመሩ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። የምሄድበት መኪና ውስጥ ገብቼ በመስኮቱ አየኋቸው። ከጎናችን የነበረው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ። ጋሼ ድምፁን ተከትለው ዞሩ፤ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ፈገግ ብለው፣ አቧራው እስኪውጠው ድረስ ለዚያ መኪና ያውለበልቡለት ነበር።

የእኔ ገና አልተነሣም። ልጠራቸው መስኮቱን ከፈትኩ፤ ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። ዱላቸውን መሬት ላይ እያንኳኩ ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ አየሁ።