ለጥንቸሌ የመጣው የኪሩቤል ከረጢት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ እያሰጣሁ በሬ ተንኳኳ... ስከፍት እትዬ አስካለ ናቸው።

እዚሁ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ከክረምቱ በፊት አንድ ልጃቸውን ኪሩቤልን ቀብረናል። ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር ቤቴ ዘልቀው አያውቁም።

ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ግማሽ የቀረው የእንስሳ ምግብ ከረጢት በሁለት እጃቸው አቅፈው ቆመዋል።

«ለጥንቸልሽ ይሆናታል ብዬ ነው» አሉኝ።

የጊኒ ፒግ ምግብ ነው። ጊኒ ፒግ ለማታውቁ... ጅራት የሌላት፣ ጆሮዋ አጭር፣ ከጥንቸል የምታንስ እንስሳ ናት። እትዬ አስካለ ምግብ ያበስሉላቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያሳደጓትን ከነምግቧ ለኪሩቤል ትተውለት ሄዱ። ልጁ ካረፈ በኋላ እሷም ብዙ አልቆየች። የቀረው ምግቧ ብቻ ነው።

«ይግቡ እንጂ እትዬ» አልኳቸው። በሩን ገፋ አድርጌ አስገባኋቸው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ... ጥንቸሌ ቡላ አምና ዳቦና ብስኩት በልታ ሆዷ ተበላሽቶ ለትንሽ ነው የተረፈችው። ጥንቸል መብላት ካቆመች ቶሎ እንደምትሞት የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሳላጣራ ምንም ነገር አልሰጣትም። ግን ልጇን ለቀበረች እናት «አይሆንም፣ ይመልሱት» እንዴት ተብሎ ይነገራል?

«አንዴ መጣሁ» ብዬ ኩሽና ገባሁና ቤቴል ሰፈር ለሚሠራው የቡላ ሐኪም ደወልኩለት።

«መርዝ አይደለም» አለኝ። «ትንሽ ብትቀምስ ምንም አትሆንም። ቀለቧ ግን እንዳታደርጊው። የጊኒ ፒግ ምግብ ቫይታሚን ሲ ይጨመርበታል፤ ጥንቸል ደግሞ እሱን ሰውነቷ ራሱ ይሠራዋል። የቀረውም የተመጠነው ለጊኒ ፒግ ነው። ለአንቺዋ ዋናው እርጥብ ሣርና የሣር ድርቆሽ ነው። ደግሞ የሻገተ እንዳይሆን፣ ጊዜውም ያለፈበት እንዳይሆን እዪ።»

ስልኩን ዘጋሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አመስግኜ ተቀብዬ ሲሄዱ ማስቀመጥ ነበር የቀለለኝ። ማን ያውቅብኛል?

ስመለስ እትዬ አስካለ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ከረጢቱ ተከፍቷል። መዳፋቸው ላይ ጥቂት እንክብል አድርገው እጃቸውን መሬት ላይ ዘርግተዋል። ቡላ ከሶፋው ሥር ወጥታ አፍንጫዋን እያንቀጠቀጠች ወደ እጃቸው እየቀረበች ነው።

«እሱ እንዲህ ነበር የሚያበላት» አሉ ቀና ሳይሉ። «ታሞ እንኳ... እጁን ከአልጋው ላይ ወደ ታች ይዘረጋላታል።»

ይህን ሰምቼ መናገሩ ይበልጥ ከበደኝ። ቢሆንም ተናገርኩ።

«እትዬ... ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አሁን ሐኪሟን ጠይቄው ነበር። ይሄ ምግብ ለእሷ የተሠራ አይደለም።»

መዳፋቸውን ቶሎ ጨበጡ። ቡላ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

«ይጎዳታል?»

«ትንሹ አይጎዳትም። ሁልጊዜ ግን አይሆናትም።»

የጨበጡትን መዳፍ ወደ ደረታቸው ሳቡ። ምነው አፌን በቆረጠው ብዬ ራሴን ረገምኩ። አሁን ተነስተው ይሄዳሉ፣ ሁለተኛም በሬን አያንኳኩም ብዬ ነበር።

«ኪሩቤል ሲታመም» አሉ ቡላን እያዩ፣ «ያልጠየቀን ሰው የለም። ሁሉም ግን 'ይድናል፣ አይዞሽ፣ ምንም አይደለም' ነው። ሐኪሞቹ እንደማይድን ለወንድሜ ነግረውታል ለካ። እሱ ደግሞ ለቤተሰቡ ተናግሯል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። አስቢው... ሁሉም እያወቀ እኔ ጠዋት ጠዋት ሥራ እሄድ ነበር። ብሰማ ኖሮ ትቼው አጠገቡ እውል አልነበር?»

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እንዳልከፋ ብለው ነው» አሉ። «አውቃለሁ። ግን የጎደለኝን ቀን የሚመልስልኝ የለም።»

አይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ጥሩ አደረግሽ። ትንሽ ይቻላል ያልሽው ስንት ነው?»

ከረጢቱን አገላብጬ አየሁ፤ ጊዜው አላለፈም፣ ምግቡም አልሻገተም። «እንደዚህ... ቁንጥር ብትሆን።»

የጨበጡትን ፈተው ከላዩ ቀነሱና ቁንጥር የምታህለዋን መልሰው ዘረጉ። ቡላ እንደገና መጣች። ከእጃቸው ላይ ስትበላ እትዬ አስካለ እንደ መሳቅ አሉ። «ከንፈሯ ይኮረኩራል» አሉኝ።

ከዚያ ስለ ልጁ ጠየቅኳቸው። ስሙን አንስቼ። እስከ ዛሬ ሳልጠራው የቆየሁት እንዳላስታውሳቸው ብዬ ነበር... እንደሚረሱት ሁሉ። ጊኒ ፒጓን ትምህርት ቤት ቦርሳው ውስጥ ከቷት ሄዶ አስተማሪዋ ስታያት እንደጮኸች፣ ባኞ ቤት ደብቆ በሻምፖ እንዳጠባት፣ ሁሉንም ነገሩኝ። እያለቀሱም እየሳቁም። ሻይ አፍልቼ ጠጣን። ልብሱን ማስጣት ረስቼው እንደ ረጠበ ዋለ።

ሲነሱ ከረጢቱን አጥፈው ያዙት።

«እዚህ ይተዉት፣ እኔ እጥለዋለሁ» አልኳቸው።

«አይ፣ ተይው ልጄ። የምጥለው እኔው ነኝ።»

በሩ ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው። የቆሻሻ መጣያው ታች ነው። የእግራቸው ድምፅ ግን የተሰማኝ ወደ ላይ፣ ወደ ቤታቸው ሲወጡ ነው።

ለጥንቸል የሚሆነውን ሐኪም ይነግረኛል... ያ ከረጢት የሚጣልበትን ቀን ግን እሳቸውን ቀድሞ ማንም ሊናገር አይገባም።