የከሚሪያ የናና መደቦች

ከሚሪያን የማውቃት መካ፣ ሩሰይፋ ውስጥ በአንድ ግቢ ስንኖር ነው። አባቷ ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሷም የተወለደችው መካ ነው። ባሏ ሲራጅ ጅዳ ወደብ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ሐሙስ ማታ ይመጣል፣ ዓርብ ከምሳ በኋላ ይመለሳል።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዋዲ ፋጢማ ላይ፣ ሸኽ ሀሺም ከሚባሉ የአገሩ ሰው የተከራዩት ማሳ ነበራቸው። ሠላሳ ሁለት መደብ ናና። ኪራዩ በሲራጅ ስም ነው፤ የምትኮተኩተው፣ ከጉድጓዱ በቦይ የምታጠጣው፣ አጭዳ የምታስረው ግን ከሚሪያ ናት። የሲራጅ ታናሽ ወንድም ጁነዲን ማለዳ በጭነት መኪናው ያደርሳታል፣ ናናውንም ዓዚዚያ ሐጃጆች ወደሚያርፉባቸው ቤቶች ይወስዳል።

በ1976 ሐጁ የዋለው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበር። ሸኽ ሀሺም ለሐጃጆቹ ሻይ የሚሆን ናና አቀርባለሁ ብለው ቃል ስለ ገቡ፣ ናናው ለሐጅ ካልደረሰ ማሳውን ለሌላ እንደሚሰጡ አስቀድመው ተናገሩ። ከሚሪያ ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ሠርታበታለች።

ሰኔ ላይ ሲራጅ ከጅዳ ጥቁር ቱቦ በጥቅል በጥቅል አስጭኖ መጣ። ውሃን በጠብታ የሚያጠጣ አዲስ ነገር ነው። ከሚሪያ አገላብጣ አየችው። ቀዳዳው መርፌ አያስገባም።

"ውሃችን ጨዋማ ነው" አለች። "ይኼ ቢደፈንስ?"

"ደግሞ መሐንዲስ ሆንሽ?"

"መሬቱስ? እኔ በየአሥራ አምስት ቀኑ መደቡን አጥለቅልቄ ጨውን ወደ ታች አወርደዋለሁ። ጠብ ጠብ ብቻ ካለ ጨዉ ከላይ ይቀራል።"

ጁነዲን ሳቀ። "እቴ፣ ፋብሪካው ሩሰይፋ ድረስ መጥቶ አንቺን ያማክር ነበር?"

"ኸላስ፣ በቃ" አለ ሲራጅ። "ማሳው በእኔ ስም ነው፤ የምወስነው እኔ ነኝ።"

ቱቦውን የሚዘረጋው ግብፃዊ በመጣበት ዓርብ ሲራጅ ሚስቱን በዘንባባ በተከለለው ዳስ ውስጥ አስቀመጣት። ባዕድ ወንድ ፊት አትወጣም፤ ደንቡ ነው፣ እሷም አልከፋትም። የከፋት ውሃ የሚስበው ሞተር እየጮኸ የሰውየውን ንግግር አለመስማቷ ነው። ሰውየው ሲሄድ "ምን አለ?" ብላ ጠየቀች።

"አንቺ ሞተሩን አስነሺ። ሌላውን ጁነዲን ያውቃል።"

ከዚያም ሲራጅ ከሞተሩ ቀጥሎ የተገጠመውን የውሃ ማጣሪያ እንዳትነካው በብረት ሣጥን ከደነው፣ ጓጉንቸር አስገባበት፣ ቁልፉን ለወንድሙ ሰጠ።

በሦስተኛው ሳምንት የናናው ቅጠል ከጠርዙ ቢጫ መሆን ጀመረ። በመደቦቹ መካከል ነጭ ነገር ጋገረ፤ በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰችው፣ ጨው ነው። ከሞተሩ ርቀው ያሉት አሥራ አንድ መደቦች ውሃ ከነጭራሹ አይደርሳቸውም። ማለዳ ጁነዲን ሲያወርዳት በመኪናው መስኮት ያዘችው።

"ቁልፉን ስጠኝ።"

"ሲራጅ ይምጣ።"

"እሱ እስኪመጣ አምስት ቀን ነው። ናናው አምስት ቀን የለውም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ለማጠብ ጊዜ አላገኘሁም፣ ጭነት በዝቶብኛል።"

"የምን ማጠብ?"

ጁነዲን መሪውን እያየ፣ ማጣሪያው በየሁለት ቀኑ መታጠብ እንዳለበት፣ የቱቦዎቹም ጫፍ እየተከፈተ ቆሻሻው መውጣት እንዳለበት ግብፃዊው መናገሩን አወጣ። ለከሚሪያ እንዲነግራት ማንም አላዘዘውም።

"እኔ ነኝ እዚህ የምውለው" አለችው። "ለእኔ ትደብቃላችሁ?"

"ከወንድሜ ጋር አታጣይኝ" አለና መኪናውን አስነሣ።

ከሚሪያ በዶማ ጓጉንቸሩን ሰበረችው። ማጣሪያው በአሸዋና በአረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ታፍኖ ነበር። አጠበችው። ቱቦዎቹን ጠቅልላ ወደ ዳር አወጣችና ሁለት ቀን ሙሉ መደቦቹን በቦይ አጥለቀለቀቻቸው። በሦስተኛው ቀን ቱቦዎቹን መልሳ ዘረጋች፣ ጫፋቸውን ከፍታ ውሃ ለቀቀችባቸው። ሰባት መደብ ሞቷል፤ የቀረው ቀና ማለት ጀመረ።

ሲራጅ ሐሙስ መጥቶ የተሰበረውን ጓጉንቸር አየ።

"ማን አዘዘሽ?"

"የሚያዘኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም።"

"ሚስቱ ቁልፍ ሰበረችበት ሲባል ሰው ምን ይለኛል?"

"ማሳውን ስትነጠቅስ ምን ይልሃል?"

"ወላሂ ወደ ወንድምሽ ቤት እልክሻለሁ።"

"ላከኝ። ሐጁ ግን ይለፍ።"

በማግስቱ ሸኽ ሀሺም ናናውን ሊያዩ መጡ። ቱቦውን ወደዱት፤ ለቴምር ዛፎቻቸውም ሊያስገቡ አስበዋል። ማጣሪያው በስንት ቀን እንደሚታጠብ ሲራጅን ጠየቁት። ሲራጅ ጁነዲንን አየ፣ ጁነዲን መኪናውን አየ። ዳሱ ውስጥ ያለችው ከሚሪያ በዓረብኛ "በየሁለት ቀኑ" አለች። "በየአሥራ አምስት ቀኑ ደግሞ ማጥለቅለቅ ነው፤ አለዚያ ጨዉ ይገድለዋል።"

ሽማግሌው ፊታቸውን ከዳሱ አዙረው፣ ለቴምሮቹ የሚናገሩ ይመስል፣ ሦስት ጥያቄ ጨመሩ። ሦስቱንም መለሰችላቸው።

"ማሳው ይቀጥላል" አሉት ለሲራጅ። "ከእንግዲህ የውሃውን ነገር ቤተሰብህን ጠይቀህ ንገረኝ።" ቤተሰብ ያሏት ከሚሪያን ነው።

ሲራጅ ምሳ ሳይበላ ወደ ጅዳ ሄደ። የሐጁም ሰሞን አልመጣም። ሃያ አምስቱ መደብ ታጭዶ ዓዚዚያ ገባ፤ ያመላለሰውም ጁነዲን ነው።

ሲራጅ በኋላ ቢመጣም ስለ ማሳው አንስቶ አያውቅም። ፈቅዶላት አይደለም፣ አኩርፎ ነው። ሐሙስ ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል፣ ዓርብ ይሄዳል። እንድትታረቀው ስለምናት ከሚሪያ ናናዋን እያሰረች፣ "ተዪው፣ ያኩርፍ" ትለኝ ነበር። "ሲናገር ነው ሰባት መደብ የሞተብኝ።"