ከመስኮቱ ሥር የነበረው ስልቻ

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ዝናብ አባርሮኝ አንድ የልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ተጠግቼ ሳለ፣ ደጅ ተሰቅሎ የነበረ ካኪ ሱሪ ውሃ ነክቶት የእርጥብ ጨርቅ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ በቆምኩበት ንዴት ያዘኝ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ሆዱ ይባባል አሉ፤ የእኔ ግን ደሜን ነው የሚያፈላው። እርጥብ ካኪ ለእኔ ደብረ ታቦር ነው፣ የደርግ ጊዜ ሐምሌ ነው፣ እናቴም ባለ ጣሪያ ቤት እያላት ደጅ ተቀምጣ ስትሰፋ ነው።

ቤታችን የአባቴ አባት ያሠሩት፣ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ነበር። አባቴ ቀን ቀን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ያለ ደመወዝ የዘመድ ንብረት ይጠብቅ ነበር። ከጉና ገብስና ድንች ጭኖ ለገበያ የሚወርድ ዘመድ ሁሉ የተረፈውን «እስከሚመጣው ገበያ» ብሎ እኛ ቤት ያራግፍ ነበር፣ ለውትድርና የተጠራ የአጎት ልጅ ቀንበርና ሞፈሩን አስደግፎ ይሄድ ነበር፣ አንዷ የተሰነጠቀ ጋን፣ ሌላው ክዳን የሌለው በርሜል ያመጣ ነበር። የሚመጣው ገበያ መጥቶ ያልፋል፣ ዕቃው ግን አይንቀሳቀስም። እኛ ልጆች በዕቃው መካከል እንደ ዕቃ ተደርድረን እንተኛ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣም «ይህ ቤት በረከት የሞላበት ነው» እያለ አባቴን ያሞግሰው ነበር።

እናቴ ከእናቷ የወረሰችውን የብር አምባር ሽጣ በእግር የሚነዳ የስፌት መኪና የገዛችው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ሙያውን ልጅ ሳለች ጎረቤታቸው ከነበሩ ሰፊ ዘንድ እያየች ቀስማው ነበር፤ እጇም የተመሰገነ ነበር። ችግሩ ቦታ ነው። በቤቱ ውስጥ መርፌ ላይ ክር ለመሰካት የሚበቃ ብርሃን የሚገባው በአንዲት መስኮት ብቻ ሲሆን፣ ከመስኮቷ ሥር ደግሞ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘርፌ፣ ገብስ ነው ብለው ከጉና አምጥተው ያስቀመጡት አንድ ትልቅ ስልቻ ከነ በቅሎ ኮርቻው ተጎልቶ ነበር። እናቴ ስልቻውን ወደ ጓዳ እናዙረው ባለች ቁጥር አባቴ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር።

«አደራ ነው» ይላት ነበር። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ባለቤቷ ካስቀመጠችበት ንቅንቅ አይልም።»

በዚህም የተነሳ እናቴ መኪናዋን ጠዋት ጠዋት ተሸክማ እያወጣች፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ተጠግታ ስትሰፋ ትውልና ማታ መልሳ ታስገባ ነበር። በጋ በጋውን እንኳ ነፋስና አቧራ ነው፣ ይቻላል። የደብረ ታቦር ክረምት ግን የሚቻል አይደለም፤ ዝናቡ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ይመጣል፣ ከጉና በኩል ጉሙ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው ጣት ይደነዝዛል፣ በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰውና ሰው አይሰማማም። ላስቲክ ወጥረን መኪናዋን እናለብስላት ነበር እንጂ እሷን የሚያለብሳት አልነበረም፤ ነሐሴ ላይ የሚይዛት ሳል እስከ ጥቅምት አይለቃትም ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ ስልቻው በደረቅ ቦታ፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ ማንም ሳይነካው ይከበር ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ትምህርት ቤቱና ቀበሌው የተማሪዎችን ዩኒፎርም በከተማው ውስጥ ለማሰፋት ወሰኑና፣ የእናቴን ስፌት የሚያውቅ አስተማሪ ስሟን ነገራቸው። ሥራው ቢሰጣት ኖሮ ዓመቱን ሙሉ ቤታችን ይቃና ነበር። ቦታዋን ለማየት የመጡት የኮሚቴ ሰዎች ያገኟት ደጅ ላይ፣ ግማሽ ትከሻዋ በስብሶ፣ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ውሃ ለናሙና የቆረጠችውን ካኪ አዥጎርጉሮት ነው። ኮፍያ ያደረገው የኮሚቴው ሰብሳቢ ጨርቁን በሁለት ጣቱ አነሣ።

«ጓዲት፣ ይህ የሕዝብ ልጆች የሚለብሱት ነው፤ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ የማትሰፊው ለምንድን ነው?»

የእናቴን መልስ ሳይጠብቅ በበሩ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ተመለከተና «መኖሪያ ነው ወይስ መጋዘን?» አለ። ሌሎቹ ሳቁ፣ አባቴም አብሮ ሳቀ። ሥራው ለገበያ ሰፊዎች ተሰጠ፤ እናቴ ግን ቦታ ካዘጋጀች በሚመጣው ዓመት እንደሚያዩዋት ሰብሳቢው ሲወጣ ነገራት። ካመለጣት ሥራ ይልቅ የማልረሳው የአባቴን ሳቅ ነው።

መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ እናቴ አንድ ጠዋት መቀነቷን አጠባበቀችና የቤቱን ዕቃ እየጎተተች ወደ ግቢው ታወጣው ጀመር። እኛም ተከትለን አወጣን። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ንብረቱ እንደሚወረስበት ሰው ያያት ነበር። የሚያገለግለውን ወደ አንድ ጎን፣ ማገዶ የሚሆነውን ወደ ሌላ ጎን ለየች፤ ባለቤት ያለውን ደግሞ በገበያተኛ እጅ «ዕቃህን ውሰድ» እያለች ላከችበት። አንዳንዱ መጥቶ ወሰደ፤ አንዳንዱ ተቀይሞ «ደህና ዘመድ መስለሽኝ» እያላት ወሰደ። የቀረውን ቆጥ ላይ ሰቀለችው። በጋውን ሙሉ ግድግዳውን እየለቀለቀች፣ ጋዜጣ እየለጠፈች፣ ከባሕር ዛፍ ጣውላ መደርደሪያ እያሠራች፣ ክሩን በየቀለሙ በምስማር ላይ እያንጠለጠለች ቤቱን ቤት አደረገችው። መስኮቱ ሥር ስትደርስ ግን አባቴ ከድንጋዩ ተነሣ።

«እሱን ተይው» አላት። «ከእህቴ ጋር እንዳታጣይኝ።»

ተወችው። ወደ ጉና መልእክት ሰደደች፤ «ይቆይልኝ፣ መጥቼ አነሣዋለሁ» የሚል መልስ መጣ። ደግማ ሰደደች፤ ያው መልስ መጣ። አክስቴ ለፋሲካ ወደ ደብረ ታቦር የወረዱት ክረምቱ ሊገባ ሲያኮበኩብ ነው።

እናቴ አብልታ አጠጥታ፣ እግራቸውን አጥባ ካስተናገደቻቸው በኋላ፣ «እትዬ፣ አሁን ባሉበት ላንሣው» ብላ ስልቻውን አቀፈችው። ሥሩን አይጥ በልቶት ኖሮ ገና ከፍ ስታደርገው ተዘረገፈ። ገለባ ነው። አንድ ፍሬ ገብስ የለበትም።

አክስቴ ግን አልደነገጡም።

«ገለባ ነዋ» አሉ። «እህል ባስቀምጥማ አይጡ ይጨርሰው አልነበር?»

«ታዲያ ምን ሊሆንዎ አስቀመጡት፣ እትዬ?»

«ይህ እኮ የአባቴ ቤት ነው፣ ልጄ። ዕቃዬ ካለበት እኔም አለሁበት። ባዶውን ከተውኩት ነገ ‹ደግሞ አንቺ የማነሽ?› ብባልስ?»

የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ነው ተብሎ በአዋጅ ከተነገረ ስንት ዘመኑ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ወተቷን ያልጠጣችው ግን እናቴ ነበረች። ወደ አባቴ ዞር ስል አንገቱን አቀርቅሮ መሬቱን በጣቱ ይጭራል። ስልቻውን ከበቅሎ ላይ አውርዶ በገዛ ትከሻው ያስገባው እሱ ነው፤ ጉና ተወልዶ ገለባን ከገብስ በክብደቱ የማይለይ ሰው የለም። እናቴም የገባት ያኔ ነው።

«አንቱ ያውቁ ነበር?»

«እህቴ ናት» አለ። «ምን ልበላት?»

እኔ እጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ እንድትጮህም ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ገለባውን ሰብስባ መልሳ ከተተችና፣ የስልቻውን ቀዳዳ እዚያው ፊታቸው ሰፋችው፤ ቁርጥራጭ ካኪም አልብሳ መቀመጫ አደረገችው። መኪናዋን መስኮቱ ሥር አምጥታ ቁጭ አለችበት። «ይኸው እትዬ፣ ዕቃዎ ከቤት አልወጣም» አለቻቸው። አክስቴ ደስ አላቸው፣ መረቋትም። በዚያ ክረምት የኮሚቴው ሰዎች መጡ፣ ቦታውን አዩ፣ የዩኒፎርሙን ሥራ ሰጧት። አባቴም እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺን ክፍል ለባለቤቴ አዘጋጅቼላት» እያለ ያስጎበኝ ነበር። ስላለፉት ክረምቶች ሳነሣባት እናቴ «ተይው፣ ሆድ ይፍጀው» ትለኝ ነበር፤ ሳሏ ግን ደረቅ ቦታ ከገባችም በኋላ አለቀቃትም፣ እስከ መጨረሻዋም አብሯት ኖረ። ስትቀበር ያዘነው ሰው ሁሉ «ሆደ ሰፊ፣ የዘመድ ጥላ» እያለ አለቀሰላት። አክስቴም በሕይወት ነበሩና ከሁሉም በላይ አለቀሱ።

ዛሬ እኔም የራሴ መኪና አለኝ፤ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፣ ቤቴም ሰፊ ነው፣ አንዱን ክፍል ለስፌት ለይቼዋለሁ። ሰው ሁሉ የሚያየው ባዶ ቦታ እሱን ነው። ባለቤቴ የተበላሸ ቴሌቪዥን፣ የባለቤቴ ወንድም የሱቁን ካርቶን፣ ጎረቤት የልጇን አልጋ፣ ሁሉም «ለጥቂት ቀን» እያለ በሩ ላይ ይቆማል። አላስገባም። ሳላውቅ ገብቶ ካገኘሁትም የዚያኑ ዕለት አስወጣዋለሁ፣ ምክንያትም አልሰጥም፣ ይቅርታም አልጠይቅም። ዘመድ አዝማዱ ክፉ ሴት ናት እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ከእናትሽ የማትገኚ የሚሉኝም አሉ። እውነታቸውን ነው። እናቴን ደግ እያሏት ዝናብ ላይ አስቀመጧት፤ እኔ ክፉ እየተባልኩ በደረቅ ቦታ እሰፋለሁ።