ሽማግሌ የላከችው ፈረንሳዊት

ልጅ ሳለሁ፣ ላፍቶ ውስጥ፣ መብራት የሚጠፋበትን ምሽት እንደ በዓል ነበር የምጠብቀው። መብራት ጠፋ ማለት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች የሰፈሩን ልጆች ቤታቸው ሰብስበው ተረት ሊያወሩልን ነው ማለት ነው። ያኔ የእኛና የእሳቸው ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ በስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ የተለየ ስለነበር፣ እሳቸው ቤት ሽንኩርት ሲከተፍ እኛ ቤት ዓይን ያቃጥላል።

እኛ ቤት ግን የማይጠራ ስም ነበር። ሙሉ የምትባለው ታላቅ እህቴ፣ ተዋናይት ካልሆንኩ ብላ የቲያትር ቡድን ውስጥ ስለገባች፣ አባቴ «እኔ አዝማሪ አልወለድኩም!» ብሎ አባርሯት ብስራተ ገብርኤል አክስታችን ዘንድ ትኖር ነበር። በታክሲ ቅርብ ነው፤ አባቴና እሷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልተያዩም። እናቴ ተደብቃ ትጠይቃታለች። እኔ ከሙሉ ጋር እንተኛበት በነበረው አልጋ ላይ ብቻዬን ስተኛ በጣም ትናፍቀኝ ነበር።

እትዬ ዘነበች በወጣትነታቸው ለአንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ምግብ ያበስሉ ነበር። ማዳሟ ከአገሯ የሚላክላትን የሲኒማ መጽሔት ማድ ቤት ይዛ እየገባች፣ በተሰባበረ አማርኛ ትተረጉምላቸው ስለነበር፣ ኦዴት የምትባል የፊልም ተዋናይትን ሕይወት ከሀ እስከ ፐ ያውቁታል። ኩራዙን መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡና የከሰሉን ፍም ቆስቆስ አድርገው፣ «ዝም በሉ! ኦዴትን ነው የፈለጋችሁ ወይስ ወሬ?» ብለው ይጀምራሉ።

ኦዴት ባሕር አጠገብ ያለች የትንሽ ከተማ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበረች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ፓሪስ ሄጄ ተዋናይት እሆናለሁ ስትል፣ አባቷ እጁ ዱቄት እንደሆነ «ከዚህ በር ከወጣሽ ልጄ አይደለሽም» አላት። ወጣች። የመጀመሪያ ሥራዋ በር ከፍታ «ማን ነው?» ማለት ብቻ ነበር፤ እሷንም ከፊልሙ ቆርጠው ጣሏት። እትዬ ዘነበች እዚህ ላይ በደረሱ ቁጥር አዲስ ይናደዳሉ፤ «እጃቸው ይቆረጥና! እንዲያ ተኳኩላ የመጣችውን ልጅ!» ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ቀን የሰው ሸሚዝ እየተኮሰች፣ ማታ ማታ ትወና እየተማረች ኖረች። አንድ ቀን ዋናዋ ተዋናይት ታመመችና በምትኳ ገብታ፣ ልጇን የቀበረች እናት ሆና አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አለቀሰች። ፈረንሳይ በሙሉ ስሟን ያወቀው ያኔ ነው። ለሌላ ፊልም ፈረስ ስትጋልብ ወድቃ እጇ ተሰበረ፤ የተሰበረውን በሻሽ ሸፍና ሥራውን ጨረሰች። አንድ የፊልም አዘጋጅ ደግሞ ሦስት ሽማግሌ ልኮ አገባት።

«ፈረንጅም ሽማግሌ ይልካል እንዴ?» አልኩ።

«አንቺ ነገረኛ! ሰው ባለበት ሁሉ ሽማግሌ አለ።»

አንድ የክረምት ምሽት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ስለ ዳቦ ጋጋሪው ማውራት ጀመሩ። ኦዴት ደብዳቤ ብትጽፍለት ሳይከፍት ይመልሳል። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሲኒማ ቤት ምስሏን በሰቀለ ቁጥር መስኮቱን ይዘጋል። እትዬ ዘነበች ይሄን ብለው ትንፋሽ ሲወስዱ፣ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ የአባቴ ድምፅ መጣ።

«እትዬ፣ ሽማግሌ አልላከችም?»

ሁላችንም ክው አልን። ለካ ተኝቷል ስንለው ይሄን ሁሉ ምሽት ሲሰማ ኖሯል! እትዬ ዘነበች ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ብትልክ ይቀበላል ብለህ ነው፣ ተፈራ?» አሉት።

የአባቴ ድምፅ ወደ ግድግዳው ቀረበ። «እንዴት ብሎ ራሱ ይሄዳል እትዬ? ሰው ምን ይለዋል? ሽማግሌ ከመጣ ግን… ሽማግሌ አይመለስም።»

«እንግዲያው ልካለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ።»

እኔ ስለ ሙሉ እንደሚያወሩ ገብቶኝ፣ እሑድ እስኪደርስ ቀን ቆጠርኩ።

እሑድ እትዬ ዘነበች ከሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ሙሉን አስከትለው መጡ። አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገና ነገሩን ሳይጀምሩት ሙሉ አባቴ እግር ላይ ወደቀች፤ እሱም «ተነሽ፣ ተነሽ በቃ» እያለ አነሳት። እኔ ከደስታዬ ብዛት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ካደግኩ በኋላ፣ ኦዴትና አባቷ እንዴት እንደታረቁ እትዬ ዘነበችን ጠየቅኳቸው።

«አልታረቁም» አሉኝ። «ሌላ አገር ፊልም ስትሠራ ሞተባት። የደረሰችው ከተቀበረ በኋላ ነው። ማዳም ስታነብልኝ ሁለታችንም አልቅሰናል።»

«ታዲያ ልካለች ያሉት ውሸት ነበር?»

«ምን ታደርጊዋለሽ፤ እሷ እንደኔ ያለ ጎረቤት አልነበራትም!»

የኦዴትን አንድም ፊልም አላየሁም፤ ከሕይወቷም ብዙውን ረስቻለሁ። አሁንም ግን መብራት ሲጠፋ አባቴ ከግድግዳው ወዲያ በጨለማ ተቀምጦ ያንን ጥያቄ ለማውጣት ስንት ምሽት እንደታገለ አስባለሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ባረፈባት ሰዓት እኔ ውሃ ላመጣ ወጥቼ ነበር፤ አልደረስኩበትም። እጁን ይዛ የነበረችው ሙሉ ናት።