ያልተጻፈው ሁሉ ተይዟል

መርካቶ ውስጥ ጥሩ ዕቃ ያየ ነጋዴ መጀመሪያ እጁን ይጭንበታል፤ ይግዛው አይግዛው ኋላ ይታሰባል። ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ የሚሸጠው ጓደኛዬ ይህን አመሉን ይዞ ኢንተርኔት ላይ ወጣ።

ሁለታችን ማንም በነፃ የሚጠቀምበት፣ ማንም ገብቶ የሚያሻሽለው፣ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያርምና ቃል የሚፈልግ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጀምረን ነበር። ገና ያልጻፍናቸውን አልጎሪዝሞች ድረ ገጻችን ላይ ዘረዘርን፦ ቃላትን በፊደል ተራ የሚደረድር፣ የተሳሳተ ቃል የሚያርም፣ ከ«አልተመለሱም» ውስጥ «መለሰ»ን ፈልቅቆ የሚያወጣ። ልሥራ ያለ ሰው አንዱን መርጦ «ተይዟል» ይልበታል፤ ያዡ ሳይለቅ መንጠቅ ነውር ነው። ጓደኛዬ ሁሉንም ያዛቸው። አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ!

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሶማሌ ተራ ኮምፒውተር በምጠግንባት ጉሮኖዬ ሆኜ ከሐዋሳ የመጣ መልእክት አነበብኩ። ጸሐፊዋ የአማርኛ መምህርት ናት፤ ቃል ፈልቃቂውን እንድንሰጣት ስትጠይቅ የከረመች። «ሁሉም ተይዟል። እንግዲህ ሌላ ቦታ ልሞክር» ትላለች። ከእሷ በቀር የሚችለው ሰው አልነበረንም። ቃል ፈልቃቂው ከሌለ ደግሞ ፕሮግራማችን «ቤት» ብለው ሲፈልጉበት «ቤታችን»ን የማያውቅ ደንቆሮ ሆኖ መቅረቱ ነው።

መቀመጥ አቃተኝ። ብደውል ብደውል ጓደኛዬ አያነሳም። ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ወጣሁ። የበዓል ሰሞን ስለነበር እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም፤ ሕዝቡ ነው ተሸክሞ ሸማ ተራ ያራገፈኝ።

ጓደኛዬ ለአንዲት ትልቅ ሴት ጋቢ ዘርግቷል።

«ቃል ፈልቃቂውን ልቀቅ!» አልኩት።

«በምን ሒሳብ? በምትኩ ምን ትሰጠኛለህ?»

«አንተ ሰው፣ ያልተወለደ በግ ታሻሽጣለህ እንዴ?»

«ከበዓል በኋላ እጀምረዋለሁ አልኩህ እኮ!»

«ከየትኛው በዓል? ከያዝከው ወዲህ ያላለፈ በዓል አለ?»

«እናንተ ልጆች፣ እኔ ጋቢ ልገዛ ነው የመጣሁት» አሉ ሴትዮዋ። «የያዝክበትን ልቀቅለትና ዋጋውን ንገረኝ!»

«እሺ እትዬ፣ ለእርስዎ ስል» ብሎ ስልኩን አወጣ። «ተይዟል»ን ሲያነሳ ፊቱን ላየው፣ ሱቁ የተቃጠለበት ነው የሚመስለው።

ለመምህርቷ ጻፍኩ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ሱቁ በር ላይ ተሽከረከርኩ። በመጨረሻ መልሷ ገባ፦ «ያዝኩት። ሰውየው መልሶ እንዳይወስድብኝ ጠብቁልኝ።»

ሱቁ እስኪዘጋ አጠገቡ ተገትሬ ዋልኩ። እጁ ወደ ስልኩ በሄደ ቁጥር «ምን ልታደርግ ነው?» እለዋለሁ።

«ለሚስቴ ልደውል ነው፣ አንተ ሰው!»

አላመንኩትም።